የአራት ደቂቃው ስኳር

ልብስ ሰፊው ሞቶ የተገኘው ስፌት መኪናው ላይ እንደ ተደፋ ነው። ግማሹ የተሰፋ የተማሪ ዩኒፎርም ገና ከመርፌው ሥር አልወጣም። ሐኪሙ «ስኳሩ ወርዶ ነው፤ ኢንሱሊን በዝቶበታል» ስላለ መርማሪዋ ተጠራች። ባልደረቦቿ «እትዬ ቆይ» ይሏታል። ሃያ ዓመት ሬሳ ስታይ ልቧ ደንዝዟልና ለማልቀስም ለመቆጣትም አትቸኩልም።

ሚስትየው ግን ከእሷም ይልቅ የደነዘዘች ትመስል ነበር። የባሏን ሸሚዝ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

«የወጋሁት እኔ ነኝ» አለች ማንም ሳይጠይቃት። «ዓይኑ ደክሟል፤ ቁጥር አያነብም። ጣቱን ራሱ ይወጋል፣ የስኳር መለኪያው ቁጥሩን ወደ ስልኩ ይልካል፣ ስልኩ ኩሽና እኔ ጋ ነው። ስልኩ ላይ ያለው አፕ መጠኑን አስልቶ ይነግረኛል፤ ያለኝን ያህል እወጋዋለሁ።»

«ቆይ። ዛሬ ስንት አለዎት?»

«ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት። አፑ አሥራ ስምንት ዩኒት ውጊ አለኝ። ‹በልተሃል?› ሳልለው ወግቼው አላውቅም። ‹በልቻለሁ› አለኝ። ከዚያ ገበያ ወጣሁ።»

ቁርሱ ግን መስኮቱ ሥር እንደ ተከደነ ቀዝቅዟል። መርማሪዋ ክዳኑን አንስታ መልሳ ከደነችው።

አፑን የጫነችለት ልጁ ናት፤ ፋርማሲስት ናት። «አባዬ በሦስት ወር ውስጥ አንዴም ከሁለት መቶ አላለፈም። በየማታው ከስልኬ አየዋለሁ» አለች። «እማ ቁጥሩን አሳስታው ነው።» ይህን ስትል እናቷን ቀና ብላ አላየቻትም።

የሟች ታናሽ ወንድምም አለ፤ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ትናንት መጥቶ እዚሁ አድሯል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጨለጠ፣ ሁለቴ ሽንት ቤት ተመላለሰ።

«ሐዘን ያስጠማል» አለ መርማሪዋ እንዳየችው ሲያውቅ።

እትዬ ቆይ ሐዘን ሲያስጠማ ሰምታ አታውቅም። የሟቹን ስልክ ከፍታ የተመዘገቡትን ቁጥሮች ወደ ኋላ አነበበች፤ ከዚያ ከስፌት መኪናው አጠገብ ያለውን የቆሻሻ ቅርጫት በእርሳስ በረበረች።

«ይሄ መቼ ተደፋ?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ስነሳ» አለች ሚስትየው።

መርማሪዋ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ግን ማደር አይኖርብንም» አለች። «ሟች አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ መቶ አራት ነበር። አንድ ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት። ኩሽና ስልኩ ላይ የታየው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው። ልጄ፣ ሙያሽ ነውና ንገሪኝ፤ የሰው ስኳር በአራት ደቂቃ እንዲህ ይወጣል?»

«አይወጣም» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

«ቅርጫቱ ውስጥ ደም የነካቸው ሁለት የመለኪያው ስትሪፖች አሉ። ዛሬ ጠዋት ጣታቸውን የወጉት ሁለት ሰዎች ናቸው። መለኪያው የማን ደም ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ያገኘውን ይልካል። እናትሽ የታዘዘችውን ወጋች። አባትሽ ደግሞ ሥራው እንዳይቋረጥበት ሳይበላ በልቻለሁ አለ።» መለኪያውን ወደ ሾፌሩ ገፋችው። «ወንድሜ፣ ጣትህን።»

ሾፌሩ መለኪያውን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ጣቱን ወጋ።

የሟቹ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። አራት መቶ ሁለት። ከሥሩ ልጅቱ ራሷ የጻፈችው ማስታወሻ ወጣ፦ «አባዬ፣ መርፌህን እንዳትረሳ።»

«ሲያዞረኝ ሰነበተ» አለ ሾፌሩ። «ለማወቅ ብቻ ነበር። ሐኪም ቤት ብሄድ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ… ወደ ስልክ እንደሚሄድ በምን አውቄ!»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች መርማሪዋ። «ያንተን መድኃኒት ወንድምህ ተወጋው።»

«እማ» አለች ልጅቱ፤ አሁን ቀና ብላ አየቻት።

እናትየው ሸሚዙን ወንበር ላይ አኖረች፣ ከፍሪጁ ኢንሱሊኑን አወጣች፣ መጥታ ሾፌሩ ፊት ቆመች።

«በልተሃል?» አለችው።