ደጀን የጠበቀው

የዚያን ዕለት ዝናቡ የእነ እትዬ የሺመቤት ሰፈር ተራ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ ባልዲና ሳፋውን ደጅ አውጥቶ ጣራው እስኪከፈት ያንጋጥጣል። ጥላ ከተማ እንዲህ ናት። በበረሃው ወለል ላይ፣ ከአንድ ግዙፍ ጣራ ሥር የተሠራች ስለሆነች ፀሐዩም ዝናቡም ለየሰፈሩ በተራ ይታደላል። እትዬ የሺመቤት ግን ሳፋ አላወጡም። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው፣ ውሻቸውን ደጀንን በገመድ እየጎተቱ ወደ ካሳ ችሎት ይወርዳሉ።

ደጀን ገመድ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። እሳቸው ከተነሡ ይነሣል፤ ከተቀመጡ እግራቸው ሥር ይጋደማል። ዛሬ ግን አራት እግሩን ተክሎ፣ እንደ ባዕድ እያያቸው፣ አልሄድም ይላል።

«ነጠላ ማዘቅዘቅን ምን አመጣው የሺ?» አሉ አብረዋቸው የሚወርዱት ጎረቤታቸው ጋሽ ዱባለ። «ውሻው እንደሆን አልሞተ።»

«አልሞተም? እስቲ እኔ ልጥራውና ዞር ብሎ ይየኝ።»

ጋሽ ዱባለ ገመዱን አብረዋቸው ያዙ።

ነገሩ የመጣው በጥርስ ሰበብ ነው። የደጀን ክራንቻ አብጦ መብላት ቢያቅተው ወደ እንስሳት ሕክምና ቤት ወሰዱት። እዚያ ዳሳሽ የሚሉት መሣሪያ አለ፤ ጣቶቹ እንደ ሸረሪት እግር የበዙ፣ እንስሳውን ከቆዳው እስከ አንጎሉ በብርሃን እየዳሰሰ የታመመውን የሚነቅል፣ የጎደለውን የሚጠግን። ባለቤቱ የሚለውን ይሰማል፤ የሰማውን ይፈጽማል።

ተራ ሲጠብቁ ድመት ያቀፈች አንዲት ሴት «ወይኔ! እንዴት ያለ ውሻ ነው በማርያም! ዓይኑ የሰው ዓይን አይመስልም?» ብላ አፈጠጠችበት። እትዬ የሺመቤት ክው አሉ። ሰው አፍጥጦ ያደነቀው ልጅ ሲጠወልግ፣ ያደነቃት ላም ስትነጥፍ እየሰሙ ያደጉ ናቸውና፣ ዓይኗን ከላዩ ለማንሣት አፋቸው ላይ የመጣውን አወረዱት።

«ምኑ ይደነቃል እቴ! አመዳም! ቀን ይተኛል፣ ሲመሽ በር ላይ ተገትሮ ሙት ይጠብቃል። ከዚህ በሽታው የሚገላግለኝ ባገኝ መርቄ አልጠግብም።» እንትፍ እንትፍም አሉበት።

ዳሳሹ ግን ከግድግዳው ውስጥ ሆኖ ያዳምጥ ነበር።

ሙት ያሉት አንድ ልጃቸውን ነው። ጌጤነህ ጣራ ጠጋኝ ነበር፤ የበረሃ አውሎ ነፋስ ጣራውን የቀደደ ጊዜ ሊጠግን ወጥቶ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ በየማታው፣ ጌጤነህ ከሥራ ይገባበት በነበረው ሰዓት፣ ደጀን በር ላይ ነው። ለቀስተኛው ተበተነ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ እድርተኛውም ስሙን ማንሣት ተወ፤ አንድ ውሻ ግን አልረሳም። እትዬ የሺመቤት በዚህ ነበር ተጽናንተው የኖሩት። ልጄን ከእኔ ሌላ የሚጠብቅ አለ፣ እያሉ።

ዳሳሹ ጥርሱን ነቀለ፤ በዚያው እጁ «በሽታውንም» ነቀለ። ደጀን ቤት ገብቶ ምግብ ይዘው ቢጠጉት ጥርሱን ገልጦ አጉረመረመባቸው። ሲመሽም ወደ በሩ አልሄደም።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ዳኛ ሁሴን ከመካከል ተቀምጠዋል፤ ለሕክምና ቤቱ የቆመችው ዶክተር ኤፍራታ ናት። ዓይኗ ሥር በድካም ጠቁሯል፤ ክፉ ሰው አትመስልም።

«ክቡር ዳኛ፣ ዳሳሹ የታዘዘውን ነው የፈጸመው» አለችና የእትዬ የሺመቤትን ድምፅ አሰማች። አመዳም... ሙት ይጠብቃል... የሚገላግለኝ ባገኝ... በዚያ ዝምታ ውስጥ ሲሰማ የሌላ ሰው፣ የጨካኝ ሰው ድምፅ ሆነ። እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«ብለዋል?» አሉ ዳኛው።

«ብያለሁ። አፌን ይቁረጠውና ብያለሁ።»

ጋሽ ዱባለ ሳይፈቀድላቸው ተነሡ። «ክቡር ዳኛ፣ በድፍረት አይያዝብኝና፣ በልጅነትዎ ሰው ሲያይዎት እናትዎ ምን ብለው ይጠሩዎት ነበር?»

«ሽማግሌው ይቀመጡ።»

«እቀመጣለሁ። ምን ይሉዎት ነበር?»

ዳኛው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «የጅብ ትራፊ።»

«ታዲያ ለጅብ ሊሰጡዎት ነበር?»

ከኋላ ሳቅ አመለጠ፤ ዳኛውም ሊስቁ ሲሉ ያዙት። ወደ ዶክተሯ ዞሩ። «ዳሳሹ ይኼን አያውቅም?»

«ቋንቋችንን ያውቃል። ለዓይን ፈርተን የምንወደውን እንደምንሰድብ ግን...» ዶክተር ኤፍራታ አቀረቀረች። «እኛም አልነገርነው። እኔንም አያቴ ‹ይህች አስቀያሚ› እያሉ ነው ያሳደጉኝ፤ ለመሣሪያ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው።»

ሕክምና ቤቱም ከደጀን ሥጋ ቅንጣት የበቀለ፣ መልኩ አንድ የሆነ ቡችላ በካሳ ለመስጠት መዘጋጀቱን ተናገረች።

«ቡችላ ምን ያደርግልኛል ልጄ? ጌጤነህን አያውቀው። የወሰዳችሁበትን መልሱለት። ደጀን ከረሳው፣ በር ላይ ብቻዬን ቀረሁ ማለት ነው።»

የተነቀለው አልተጣለም፤ በጠርሙስ ተቀምጦ ነበር። ዝክረ ሽታ ይሉታል፤ ውሻ ያወቀውን ሰው ሁሉ በአንጎሉ የሚያኖርበት የጠረን ትዝታ ነው። መልሶ ከመተከሉ በፊት ምን እንደሆነ ችሎቱ ማየት ነበረበት። ዶክተር ኤፍራታ ጠርሙሱን በብርሃን ስትነካው ግድግዳው ላይ እንደ ጉም ያለ ቀለም ተነሣ።

«የጌጤነህ የቱ ነው?» አሉ እትዬ የሺመቤት ወደ ግድግዳው እየተጠጉ።

ዶክተሯ ከግርጌ አንዲት ቀጭን ቡናማ ክር አሳየቻቸው፤ የጣራ ማጣበቂያና የላብ ጠረን። «ይኼ ነው። ግን እማማ... የደረቀ ነው። ውሻው ከቀብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ትቶታል።»

«ምን ማለትሽ ነው? በየማታው እኮ...»

«ይኼ ሌላው ሁሉ የእርስዎ ነው።»

ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሞላው ሰማያዊ ጉም የእሳቸው ነበር። ሽንኩርት የነካ እጃቸው፣ የልብሳቸው ሳሙና፣ ሲመሽ ብቻ የሚደፈርሰው የእንባቸው ጠረን። ዳሳሹ በር ላይ የሚጠበቀውን ፈልጎ ሊነቅል ገባ፤ ያገኘው እሳቸውን ነው።

«እናቴ» አሉ ዳኛው ቀስ ብለው፣ «ሲመሽ ወደ በሩ ቀድሞ የሚሄደው ማን ነበር?»

እትዬ የሺመቤት «ደጀን» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ትዝ አላቸው። ሥራቸውን ጥለው የሚነሡት እሳቸው ናቸው። መዝጊያውን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ውሻው ከኋላ መጥቶ ተረከዛቸው ላይ ይጋደምና፣ እሳቸው እስኪመለሱ አይነሣም። አንድም ቀን ወደ መንገዱ ሲያይ አላዩትም። ሲያይ የነበረው እሳቸውን ነው።



«አሁን ቢመለስለትስ?» አሉ ዳኛው።

«መትከል ይቻላል። አርጅቷል ግን፤ አንጎሉ አይችለው ይሆናል። ቢችለውም የሚመለስለት እርስዎን ሲጠብቅ ከኖረበት ጭንቀት ጋር ነው። ምርጫው የእማማ ነው።»

እትዬ የሺመቤት ደጀንን አዩት። ከሁሉም ርቆ፣ ጥግ ላይ፣ እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። እንዲህ ተዘርግቶ ሲተኛ ካዩት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

«ተዉት» አሉ። «በቃው።»

«ታዲያ ካሳዎ ምን ይሁን?»

«ያ መሣሪያችሁ ሊቆርጥ ሲል አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም። ነፍስ ያለው ሰው። ‹እትዬ፣ የምርዎን ነው ወይ?› ብሎ የሚጠይቅ። ሌላ አልፈልግም።»

ዳኛው እንዲሁ ፈረዱ። ዶክተር ኤፍራታ እትዬ የሺመቤት እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ትከሻዋን ይዘው «ተይ ልጄ፣ አንቺም የሰው ልጅ ነሽ» አሏት።

ሲመለሱ የሰፈሩ ዝናብ አልፎ ጣራው ተዘግቷል። ጋሽ ዱባለ ገመዱን ይዘው እስከ ደጃፋቸው ሸኟቸው።

መሸ። እትዬ የሺመቤት እንደ ልማዳቸው ተነሥተው፣ መዝጊያውን ከፍተው ቆሙ። መንገዱ ረጥቧል፤ የሚመጣ የለም። ተረከዛቸውን በረዳቸው። ዞር ቢሉ ደጀን ከጓዳው ጥግ ሆኖ ያያቸዋል፤ ይህች ሴት ማን ናት እንደሚል።

መዝጊያውን ዘጉት። ጌጤነህ ከሞተ ወዲህ በር በዚያ ሰዓት ሲዘጋ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ከውሻው ራቅ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ወለሉ ላይ ዘረጉ።

«አንተ አመዳም» አሉት በለሆሳስ። «ቶሎ ና አልልህም።»

ውሻው አልመጣም። እሳቸውም አልተነሡም።