ቀለል ያለው ዘንግ

ታመነ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለው ውሃ ያቆረ የተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ራሱ ድንጋይ ላይ እንደሆነ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈንክቷል። አዲሱ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉ ከጎኑ ወድቋል። የካባው ዘበኛ ገመቺስ ደግሞ አንድ ቀን ቀደም ብሎ «እዚህ ድጋሚ ባገኝህ ውርድ ከራሴ!» እያለ ሲጮህበት ግማሽ ሰፈር ሰምቷል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያሻል? ፖሊስ ዘበኛውን ከነቆመጡ ይዞት ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ግን መዝገቡ ኢንስፔክተር ወርቅቱ እጅ ገባ። ወርቅቱ «ያለቀ ነገር ነው» ሲሏት ደሟ የሚፈላ ሴት ናት።

«ያለቀ ከሆነ እኔን ለምን አስጠራችሁኝ?»

«ለፊርማ ነው። ነገ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል» አላት መዝገቡን ያመጣው ፖሊስ።

ሳትፈርም በቀጥታ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ሄደች። ገመቺስ ሚስቱ የመውለጃ ወሯ ገብቶ፣ እሱ ፍርግርግ ብረት ጨብጦ ቆሟል።

«ጮኼበታለሁ፣ አልዋሽም» አላት። «ውሃው ጥልቅ ነው፤ ሰው ቢሞት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ግን አልነካሁትም። ዋቅኒ ኒ ቤካ!»

«ዋቃማ ያውቃል። የማያውቀው ዳኛው ነው» አለችው። ወጣቱ ዘበኛ አንጀቷን በላው።

ከዚያ የሬሳውን ፎቶግራፍ አየች። የቀኝ መዳፉ ላይ ጣት የማትሞላ ጥቁር ቁስል አለች። ቆመጥ መዳፍ አያቃጥልም። ዘንጉንም አስመጥታ አገላበጠችው፤ ጫፉ ስንዝር ያህል ተለብልቧል።

ዘንጉን ይዛ ካባው ጋ ስትደርስ ያስጠራችው ዕዝራ ይጠብቃት ነበር። የሟቹ የሥራ ባልደረባ ነው፤ አንድ ፋብሪካ ይሠራሉ፣ አንድ ቸርች ይጸልያሉ፣ እዚህም አብረው ያጠምዱ ነበር።

«እስቲ ስለዚህ ዘንግ ንገረኝ።»

«ታመነ ዓባያ ዳር ያደገ ልጅ ነው፤ ዓሣ ያውቃል። የዚህ ውሃ ዓሣ፣ ቆሮሶ፣ መዳፍ ብታክል ነው። ወፍራም ዘንግ ከተያዘ ስትነክስ አይሰማም። አጠር ያለ፣ ጫፉ እንደ አለንጋ የሚለመጥ፣ ትንሽዬ የክር ማጠንጠኛ፣ ቀጭን ክር፣ በቃ! ውድ መሆንም የለበትም። ሁለት ዓመት በሸምበቆ ነው ያጠመድነው።»

«ታዲያ ይሄን ከየት አመጣው?»

«መርካቶ አብረን ሁለት ዓይነት አየን። አንዱ ፋይበር ነው፣ ርካሽ ግን ከበድ ይላል። ሌላው ያገለገለ ካርቦን፣ ላባ ነው! እሱ ርካሹን እገዛለሁ ብሎ ወስኖ ነበር። በኋላ ኢየሩስ፣ ሚስቱ፣ ሳትነግረው ሄዳ ቀለል ያለውን ገዛችለት። ትከሻውን ማሽን ጎድቶት ነበራ። ዓርብ ሰጠችው፤ ቅዳሜ በጠዋቱ ይዞት ወጣ።»

ወርቅቱ ዘንጉን እንደሚወረውር ሰው ወደ ላይ አነሳችው። ቀና ስትል ከውሃው ዳር ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨቶች ተተክለዋል፤ ጫፋቸው ላይ ምስማር የተነቀለበት አዲስ ቀዳዳ አለ። በመካከላቸው ምንም የለም። ከእንጨቶቹ ሥር የቀለጠ የፌስታል ቁራጭ አነሳች። ከዚያ ወዲያ የሽማግሌው ገበሬ የኦቦ ያደታ ጎመን ማሳ ነው፤ ጎመኑ ጠውልጎ ተኝቷል፣ ውሃ መሳቢያ ፓምፑም ደርቆ ቆሟል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ያደታ? ጎመኑ ምነው እንዲህ ሆነ?»

«ፓምፑ ተበላሽቶብኝ ነው፣ ልጄ።» ሽማግሌው ዓይኗን አላዩም።

«መቼ?»

«እንዲያው... ቅዳሜ።»

የፓምፑን ሽቦ አየች፤ በቢላ ተቆርጧል፣ መዳቡ ገና ያበራል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታያት። ገመቺስን ለማስፈታት ምን ብላ መናገር እንዳለባት ገባት፤ ማን ፊት እንደምትናገረውም። በጽሑፍ ብቻ ላድርገው ብላ አሰበች። ምን ዋጋ አለው? ኢየሩስ ነገ ለምስክርነት ትጠራለች። መስማቷ አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ካባው ጋ ሰበሰበቻቸው። ገመቺስ ከነካቴናው፣ ዕዝራ፣ ኦቦ ያደታ፣ ጥቁር የለበሰችው ኢየሩስም ድንጋይ ላይ ተቀምጣ።

«ታመነን የመታው ሰው የለም» ብላ ጀመረች። «ማጅራቱ የተፈነከተው ሲወድቅ ነው። የጣለው ኤሌክትሪክ ነው። ኦቦ ያደታ ከጎረቤት ቆጣሪ በእነዚህ እንጨቶች ላይ ለፓምፑ መስመር ስበው ነበር። ሽቦው መሃል ላይ የተቀጠለ ነው፤ ቅጥሉ የተጠቀለለው በፌስታል። ፌስታል ፀሐይ ሲመታው ይበጣጠሳል፣ ሽቦው እርቃኑን ይቀራል። ታመነ ውሃ ውስጥ ቆሞ ዘንጉን ሲወረውር ጫፉ ቅጥሉን ነካው። ከዚያ አንድ ሰው ሽቦውን ነቀለ። ጎመኑ ውሃ ያጣው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።»

ኦቦ ያደታ ተቆጡ። «እንዴት ያለ ነገር ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ሥር ሲያጠምዱ ማን ሞተ? ዕዝራስ ይኸው በሕይወት ቆሞ የለም ወይ?»

የፈራችው ጥያቄ መጣ። ገመቺስ ዓይን ዓይኗን ያያል። ወርቅቱ ድምፅዋን ቀነሰች።

«ያን ጊዜ የያዙት ደረቅ ሸምበቆ ነው፤ ሸምበቆ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ፋይበርም አያሳልፍም። ካርቦን ግን... ባትሪ ድንጋይ ሲሰበር መሃሉ ላይ ያለው ጥቁር እንጨት ታውቁት የለም? እሱ ነው። ኤሌክትሪኩ ከጫፉ እስከ ማጠንጠኛው ብረት፣ ከብረቱ ወደ መዳፉ።»

ሽማግሌው ቁጭ አሉ። «ጎመኑን ላጠጣ ስመጣ ወድቆ አገኘሁት። እስትንፋስ አልነበረውም። ፈራሁ፤ ሽቦውን ነቀልኩ።»

«ይሄን ልጅ ሲወስዱትስ?»

«ዝም አልኩ፣ ልጄ። ዝም አልኩ።»

ካቴናው ከገመቺስ እጅ ወጥቶ ኦቦ ያደታ እጅ ገባ። ገመቺስ ለማመስገን እንኳ አልቆመም፤ ወደ ሚስቱ በረረ። ዕዝራ ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል።

ኢየሩስ ግን አላለቀሰችም።

«ያኛውን ብገዛለት ኖሮስ?» አለች።

«ጥፋቱ የሽቦው ነው። ያንቺ አይደለም» አለች ወርቅቱ። እውነቷን ነበር።

«ያኛውን ብገዛለት ኖሮስ፣ እቴ?»

 ወርቅቱ ሄዳ አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ትከሻውን እንዳያመው ብዬ እኮ ነው» አለች ኢየሩስ።