ጋሼ ሲያንቀላፋ

መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ቆይቷል። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ያንባርቃሉ፤ የተማሪዎቹ ሚኒባስ ግን ንቅንቅ አላለም።

«አባዬ! አረንጓዴ!»

አባቷ ብንን ብሎ ማርሽ አስገባ። «አይቼዋለሁ። እያሰብኩ ነው።»

እያሰበ! ሰው አፉን ከፍቶ ነው እንዴ የሚያስበው? ከጎኑ የተቀመጠችው ልጁ በዓይኗ ጥግ ሰረቅ አድርጋ አየችው። ሰማዩ ደመና ነው፤ እሱ ግን ጥቁር መነጽር ሰክቷል። ይሄን መነጽር መቼ ገዛው? ለምንስ ገዛው? እቤት ውስጥ «መርማሪዋ» የሚሏት ወደው አይደለም፤ ወተት እንኳን ሳታሸት አትጠጣም።

አባቷ የተማሪ ሰርቪስ ሹፌር ነው። ጠዋትና ማታ ትልልቆቹን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ የመዋዕለ ሕፃናቱን ልጆች ያመላልሳል። አምና ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሐኪም ቤት ሲሄድ ፓርኪንሰን ነው ተባለ። ወላጆች መሪው ላይ የሚንቀጠቀጠውን እጅ ሲያዩ ዓይናቸው ይፈጥ ነበር። አንዷ እናት እንዲያውም «ሰፈር ልንቀይር ነው» ብላ ልጆቿን አስወጣች፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ሰፈር አለች። ከዚያ አዲስ ክኒን ታዘዘለትና እጁ አደብ ገዛ። እናቷ «ተመስገን!» ስትል ከረመች። ሁሉም ሰው እጁን አየ፤ እጁ ደህና ነው፤ በቃ።

መርማሪዋ ግን አልተዋጠላትም። ለምን በዚህ ብርድ መስኮት ይከፍታል? ለምን ማስቲካ ከአፉ አይጠፋም? ለምን በየማደያው እየወረደ ፊቱን ይታጠባል? አንድ ቀን የሆነ ሐሳብ መጣባት። ይጠጣል እንዴ? ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ጠጋ ብላ አሸተተችው። የማስቲካ ሽታ ብቻ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ?»

«ምንም። ሽቶህን ወድጄው ነው።»

«ሽቶ አልተቀባሁም።»

ተያዩ።

ዓርብ ዕለት መምህራኑ ስብሰባ ስለነበራቸው ትምህርት በግማሽ ቀን ተለቀቀ። መርማሪዋም የምሳ ሰዓቱን ሰርቪስ አገኘችው። አባቷ ውጭ ቆሞ ሕፃናቱን እያሳፈረ ነበር። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ልትቀመጥ ስትል፣ በተራራቁት የፊት ጥርሶቿ የተነሳ ሁሉም «ፍንጭት» የሚላት ሕፃን ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት።

«እዚያ አትቀመጪ! ዛሬ ተራው የኔ ነው!»

«የምን ተራ?»

«የጨዋታው ነዋ! ጋሼ ሲያንቀላፋ ቀድሞ የጮኸ ከረሜላ ያገኛል። ትናንት እኔ ብቻ ነኝ የበላሁት!»

መርማሪዋ ቦታውን ለቀቀችላት። ወደ ፊት ሄዳ ከአባቷ ጎን ተቀመጠችና መንገዱን ሙሉ ያለማቋረጥ ለፈለፈችለት፤ ስለ ፈተናው፣ ስለ ስፖርት መምህሩ አረማመድ፣ አፏ ላይ ስለመጣው ሁሉ። የመጨረሻው ሕፃን ሲወርድ ግን አፈነዳችው።

«ሕፃናት ናቸው'ኮ አባዬ! የመቀስቀሻ ደወል አደረግሃቸው?»

«አታካብጂ» አለ በመጀመሪያ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ድካም የለው፣ ማዛጋት የለው፣ ድንገት ነው የሚወስደኝ። ክኒኑ ሳይሆን አይቀርም።»

«ታዲያ ለምን ለዶክተሯ አትነግራትም?»

«ምን ብዬ? ክኒኑ ከቀረ እጄ ይጀምራል። እጄን የሚያይ መንገድ ሙሉ ሰው አለ፤ ዓይኔን ግን በመነጽር እሸፍነዋለሁ። ሰርቪሱ ከቆመ ምን ልንበላ ነው ልጄ?» መነጽሩን መልሶ ሰካ። «በይ፣ ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ነገ ቀጠሮ አለኝ፤ ለዶክተሯ ራሴ እነግራታለሁ።»

አሳዘናት። ደግሞ አናደዳት። ይነግራታል? እንጃ! በነጋታው «አብሬህ ካልሄድኩ» ብላ ሙጭጭ አለችበት፤ በዚያ ላይ «በአውቶቡስ ነው የምንሄደው» አለች። እሱም እያጉረመረመ ተከተላት።

ዶክተሯ እጁን አስዘርግታ አየች፤ ወዲያ ወዲህም አስኬደችው። «ጥሩ ነው። መኪናውን አሁን ማን ነው የሚነዳው?»

«የወንድሜ ልጅ» አለ አባቷ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

የወንድሙ ልጅ? የወንድሙ ልጅ ገና ብስክሌት እየተማረ ነው!

«ቀን ላይ እንቅልፍ ያስቸግርዎታል?»

«ኧረ በፍጹም! የሌሊቱም በስንት ልመና ነው የሚመጣው።»

ዶክተሯ ሳቀች። «እንግዲያው እግርዎን ትንሽ ስለያዘዎት መጠኑን ከፍ እናድርገው።»

ከፍ እናድርገው! መርማሪዋ ወደ አባቷ ዞረች። እሱም አያት፤ ዓይኑ ይለምናታል። አባቷ ለምኗት አያውቅም፤ አንጀቷን በላው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ሰኞ ግን እነዚያ ሕፃናት ይሳፈራሉ።

«ዶክተር፣ ውሸቱን ነው» አለች። «የሚነዳው እሱ ነው። እየነዳም ይተኛል።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችም። መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ ድንገት እንቅልፍ እንደሚጥል፣ በራሱ ፈቃድ ቢያቋርጠውም አደገኛ እንደሆነ፣ እሷው ቀስ በቀስ እንደምታስተካክልለት አስረዳችው። «እኔ እስክነግርዎት ድረስ ግን መሪ አይነኩም።»

አባቷ ወለሉን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

አውቶቡስ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ተቀይሟታል፤ ይታወቃል። በኋላ ስልኩን አውጥቶ ጭኗ ላይ አኖረው።

«እናቶቹ መደወላቸው አይቀርም። መኪናው ተበላሽቷል በያቸው። ሞተሩ... ሞተሩን...»

ሳይጨርሰው ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። እንዳይንሸራተት ወደ እሱ ጠጋ አለች። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጠራ፤ የፍንጭት እናት ናቸው።

«ሄሎ ጋሼ፣ ሰኞ እንደተለመደው ነው አይደል?»

«ልጁ ነኝ እትዬ» አለች፣ እንዳይነቃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰኞ አንመጣም።»

«ውይ! ምነው፣ መኪናው ተበላሸ?»

መርማሪዋ የአባቷን ፊት ቁልቁል አየችው። ጥልቅ እንቅልፍ ወስዶታል።

«መኪናውስ ደህና ነው» አለች። «ጊዜ ካለዎት፣ የሆነውን ሁሉ ልንገርዎት።»