ለሁለቱም እሺ

«ጠመኔውን ሳታነሺ ወደ ኋላ ሂጂ» አለ አባቷ፣ የሜትሩን ሌላ ጫፍ ይዞ እንደተንበረከከ። «ክንፍ ነው የምንስለው፤ ክንፍ አይቆራረጥም።»

ቀጮ በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ኋላ ሄደች። መስመሩ በመላጊያው ጠረጴዛ ሥር አለፈና ግድግዳ ላይ ቆመ። አባቷ ጥቂት አሰበ፣ ወጣ፣ ከግድግዳው ውጭ ግቢው ላይ ቀጠለ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ገና አልጨረሱም።

«የቀረው ጎረቤት ግቢ ነው» አለች።

«እነሱ ግድ የላቸውም።»

እውነቱን ነው፣ እኛ ጎረቤቶቹ ግድ አልነበረንም። የክንፉ ጫፍ ልብስ ማስጫ ገመዳችን ሥር አረፈ፤ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ክንፍ ላይ ቆመን ልብስ አሰጣን።

አባቷ አናጢ ነው። ግማሹ ሰፈር የሚተኛው እሱ በሠራው አልጋ ላይ ነው። የራሱ ቤት ቁም ሳጥን ግን ቀጮ አንደኛ ክፍል ስትገባ ተጀምሮ፣ አሁን ስምንተኛ ደርሳ፣ እስከ ዛሬ በር የለውም። ልብሶቻቸው እንደ ሱቅ ዕቃ ለእንግዳ ሁሉ ይታያሉ።

ዓመቱን ሙሉ በዚያ ቤት የሚወራው ስለ አንድ ነገር ነበር፤ ስለ ሞተር ግላይደር። ክንፈ ረጅም ትንሽ አውሮፕላን ናት። በሞተሯ ትነሣለች፤ ከፍ ካለች በኋላ ሞተሯ ይጠፋና አየር ላይ ትንሳፈፋለች። የቀጮ እናት ይህን መጀመሪያ የሰማች ቀን «መንገድ ላይ ሞተር የጠፋበት ሰው ወርዶ ይገፋል። እናንተ የት ወርዳችሁ ነው የምትገፉት?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ የለችበትም።

ሐሳቡን ያመጣው የአባቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቤቱ ሁሉ «ጋሼ» የሚለው። ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ሰው ሁሉ ያርፋል ብሎ ሲጠብቅ መብረር ተምሮ ፈቃድ ይዞ መጣ። ከአባታቸው ቦታ ሽያጭ የደረሳቸው ገንዘብ ለአንዲት አውሮፕላን ይበቃል። ጠቡ ከየት ትምጣ በሚለው ላይ ነበር። አባቷ «ንድፏ አለ፣ እንጨት ደግሞ ቋንቋዬ ነው፣ እንሥራት» ይላል። ጋሼ ያገለገለች ትገዛ ባይ ነው።

«አንተ ሠርተህ እስክትጨርሳት እኔ ክንፍ አውጥቼ በራሴ እሄዳለሁ» ይላል እየሳቀ። ሲስቅም ግን የዓይን ሐኪሙን ቀጠሮ እያሰበ ነው፤ ዓይኑ ከደከመ ፈቃዱ አይታደስለትም።

በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ ይወሰን ተባለ። ሁለት ሰው ድምፅ ቢሰጥ እኩል ለእኩል ስለሆነ፣ ሦስተኛዋ ቀጮ ሆነች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጮ ተፈላጊ ሰው ሆነች። አባቷ ኮምፖርሳቶ ሲቆርጥ ጠርቷት፣ የእንጨቱን ሽታ እያስሸተታት «ከእኔ ጋር ነሽ አይደል?» አላት። ፊቱ እንዲያ ሲበራ አይታው ስለማታውቅ «እሺ» አለችው። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ከትምህርት ቤት በፒክአፑ ሲወስዳት «ይገዛ ማለት ይሻላል፣ አይደል የኔ ልጅ?» አላት። የእሱም ፊት በራ። «እሺ» አለችው።

«ሁለት ቦታ እሺ ካልሽ አንዱን ፎግረሻል ማለት ነው» አለቻት ጓደኛዋ በዕረፍት ሰዓት።

«ማንንም አላስከፋሁም እኮ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ እሁድ» አለች ቀጮ። እሁድ የምትሸጥ ሞተር ግላይደር ሊያዩ ነበር።

እሁድ ሦስቱም ፒክአፑ ጋቢና ውስጥ ታጭቀው ሄዱ፤ ቀጮ መሐል። የአውሮፕላኗ ባለቤት ጡረታ የወጡ ሴት የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ወደ ሌላ ከተማ ስለሚሄዱ ነው የሚሸጧት። አውሮፕላኗ ሣር ሜዳው ላይ ነጭ ሆና፣ በአንድ ክንፏ መሬት ተደግፋ ቆማለች።

ጋሼ በቀጥታ ወደ ሞተሯ ሄዶ ካንዴላዎቿን ማየት ጀመረ። አባቷ ክንፏ ጋ ቀረ። የተወጠረውን ጨርቅ በመዳፉ እየዳበሰ፣ ከሥሩ ያለውን እንጨት በጣቱ እየቆጠረ ሄደ።

«ፈረስ ልትገዛ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለው ጋሼ።

«የሠራት ሰው እጁ ይባረክ» አለ አባቷ ቀስ ብሎ።

«የምትይዘው ሁለት ሰው ነው» አሉ ሐኪሟ። «ማን ይግባ?»

«እሱ ይቅደም» አለ ጋሼ ወንድሙን ወደፊት እየገፋ። «በርሮ አያውቅም።»

«የለም፣ የለም። እሷ ትግባ። እሷ ቀላል ናት» አለ አባቷ።

ቀጮ የአባቷን እጅ አየች። የክንፏን ጠርዝ ጨምቆ ይዟል። ይህንን አያያዝ የት እንደምታውቀው ትዝ አላት። ቤት አምፖል ሲቀየር ወንበር ላይ የምትወጣው እናቷ ናት። አባቷ ወንበሩን ነው የሚይዘው፣ ልክ እንዲህ።

የመስታወቱ ክዳን ተዘጋ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ሣሩ ሮጠ፣ ከዚያ መሬቱ ራቀ። ዛፎቹ የጎመን ችግኝ አከሉ። ሐኪሟ ከፍታውን አይተው ሞተሩን አጠፉት። ፕሮፔለሩ ዞሮ ዞሮ ፊታቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀጮ እንወድቃለን ብላ ጠበቀች። ምንም አልሆኑም። የሚሰማው አየሩ በክንፎቹ ላይ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ሰው በቀስታ «እሽ» እንደሚል ያለ ድምፅ።

«መሪውን ያዢ» አሉ ሐኪሟ። «በጣት ብቻ። ጥርስ እንደ መንቀል አይደለም።»

ወደ ግራ ትንሽ አዘነበለችው፤ ዓለም አብሮ አዘነበለ። ከሥር ሁለት ሰዎች ይታያሉ። አንዱ ሁለት እጁን እያወዛወዘ በሜዳው ላይ ይሮጣል። ሌላኛው ሣሩ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። እስኪያርፉ ድረስ ቀና አላለም።

ስትወርድ አባቷ እጇን ያዛት። ጋሼም ተራው ደርሶ በረረና እንደ ልጅ እየሳቀ ወረደ። አባቷ ግን «ሌላ ቀን» አለ።

ሲመለሱ ዋናው መንገድ ላይ ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ፣ ድምፅ እንስጥ። እኔ ይገዛ።»

«እኔ ይሠራ» አለ አባቷ።

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ፤ ሁለቱም ያሸነፈ ሰው ፈገግታ ፈገግ አሉ። ቀጮ ፈተና አለብኝ፣ ላስብበት ልትል አፏን ከፈተች። ግን መሐላቸው ተቀምጣ፣ ግራና ቀኝ ትከሻቸው እየነካት፣ አፏ እምቢ አላት።

«ለሁለታችሁም እሺ ብያችኋለሁ» አለች። «ለአባዬ እንጨት ሲቆርጥ፣ ለጋሼ እዚህ መኪና ውስጥ። ይቅርታ።»

ጋሼ ማርሽ ቀነሰ።

«እኔ እኮ ብስኩትም ገዝቼላታለሁ» አለ ጋሼ። አባቷ አልሳቀም።

«አባዬ» አለች፣ «ብትሠራት ትበርባታለህ?»

አባቷ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ አየ። «ሰው የሠራውን አልጋ ሁሉ ይተኛበታል?»

ጋሼ ፒክአፑን ዳር አስይዞ አቆመ። «ቆይ እንጂ። አብረን ልንበር አልነበር?»

«አብረን ያልከው አንተ ነህ። እኔ ወንበር ላይ መቆም እንኳ እፈራለሁ፣ ጋሼ። ስሠራት ስሠራት ድፍረቱ ይመጣል ብዬ ዝም አልኩህ።»

«ዓመት ሙሉ የጎኔን ወንበር ላንተ ይዤ» አለ ጋሼ በዝግታ። አልተቆጣም። መሪውን ይዞ ወደፊት ብቻ አየ። «ታዲያ ማን ሊቀመጥበት ነው?»

«እኔ» አለች ቀጮ። የአባቷን ፊት ፈርታ ዓይኗን ጉልበቷ ላይ ጣለች። «ድምፄ ይገዛ ነው። መብረር እፈልጋለሁ። ቁም ሳጥናችን በር እስኪያወጣ መጠበቅ አልችልም።»

አባቷ ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አወረደ።

«ክንፎቿ ይነቀላሉ አሉ አይደል ሐኪሟ?»

«ይነቀላሉ» አለ ጋሼ።

«እንደዚያ ሣር ላይ ዝናብ ሲመታት አትከርምም። ከመኪና ኋላ የሚጎተት ሳጥን ያስፈልጋታል። ክንፎቿ ውስጡ ጎን ለጎን የሚተኙበት።»

«በር ይኖረዋል?» አለች ቀጮ።

ጋሼ ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፣ አልቻለም። አባቷም ጎረምሳ እንደተረበው ሰው አንገቱን ነቀነቀ። «ይኖረዋል» አለ። «ግን ሳልለካት መጥቻለሁ።»

ጋሼ ፍሬቻውን አብርቶ፣ መንገዱን ግራ ቀኝ አይቶ፣ ፒክአፑን ወደ መጡበት አዞረው።

አባቷ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ጫፉን ሰጣት። ቀጮ ጣቷ ላይ አጠላልፋ ያዘችው፤ ሜዳው እስኪደርሱም አልለቀቀችውም።