ተጣጣፊው ደንብ

ጥፋቱ የማስታወቂያው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በየምሰሶው ላይ የለጠፈው ወረቀት «ነገ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስለ ተጣጣፊ አሠራር ውይይት ስለሚደረግ የሚመለከታችሁ ሁሉ እንድትገኙ» ይላል። አናጺው ደግሞ ሰፈሩን በተጣጣፊ ወንበር ያጥለቀለቀ ሰው ነው። እሱን ያልተመለከተ ማንን ሊመለከት ነው?

ስለዚህ ከሠራቸው ሁሉ አንዱን መርጦ፣ በብብቱ ሸጉጦ ከተፍ አለ።

መድረኩ ላይ የቆመችው ወጣት የከተማ ፕላን ባለሙያ ናት። ደንቡን ያረቀቀችው እሷ ስለሆነች ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት እንዳደረሰች እናት ጨንቋታል። ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

«ከተማችን ወደ ዳር ዳር መለጠጡ በቃው» አለች። «መሀል ላይ ስንት ባዶ ቦታ፣ ስንት የተዘጋ መጋዘን አለ! አሮጌው ደንብ መኖሪያ ለብቻ፣ ሥራ ለብቻ ነው የሚለው። አሁን ግን በዚህ ሰፈር ብቻ፣ ለሙከራ ያህል፣ ደንቡን ተጣጣፊ እናደርገዋለን። በቤትና በቤት መካከል ያለው ክፍተት ላይ መሥራት ይቻላል። ከታች ሱቅ ወይም ወርክሾፕ፣ ከላይ መኖሪያ ይፈቀዳል። ጎረቤት ከተስማማ ማለቴ ነው።»

«ምን ጉድ ነው! ቤታችንን ልታጥፉት ነው?» አሉ አንዲት እናት ከፊት ተቀምጠው፣ ደረታቸውን ይዘው።

«ኧረ ቤቱ አይታጠፍም፣ እትዬ! የሚተጣጠፈው ደንቡ ነው!»

አዳራሹ መሳቅ ሲጀምር ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። «ስንት ፍሬ ነው የምትፈልጉት?»

«ምኑን?»

«ተጣጣፊውን ነዋ።» አናጺው ወንበሩን ከራሱ በላይ አንስቶ አሳየ። «በብዛት ከሆነ አስተያየት አደርጋለሁ።»

ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። እሱ ግን ነገሩ ሲገባው ከሁሉም በላይ የሳቀው ራሱ ነው። ስቆ ሲያበቃ ወደ መድረኩ ወጣና ወንበሩን ዘርግቶ አጠገቧ አስቀመጠላት።

«ከመጡ ጀምሮ ቆመዋል» አላት ቀስ ብሎ። «ይቀመጡ።»

ቀና ብላ አየችው። አየት አድርጋ ልትተው ነበር፤ ዓይኗ ግን አልታዘዛት ብሎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተቀመጠች፤ የቀረውንም ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ ተናግራ ጨረሰች።

ሰፈሩ ከዚያን ቀን ወዲህ «ተጣጣፊዋ» ብሎ ሰየማት። የመጀመሪያው አመልካች ማን ሆነ ብትሉ አናጺው ነው። ደረታቸውን ይዘው የጮኹት እናትም አክስቱ ናቸው።

በወርክሾፑና በጡረተኛው መምህር ቤት መካከል አንድ ጠባብ ክፍተት አለ፤ የዛገ በርሜል፣ አሮጌ ጎማና አንዲት ድመት ከነልጆቿ የሰፈሩበት። አናጺው ወርክሾፑን ወደዚያ አስፍቶ ከላዩ ቤት መሥራት ይፈልጋል። ምኞት ብቻ አይደለም፣ ቸግሮት ነው። በአሮጌው ደንብ ወርክሾፕ ከመኖሪያ መሀል አይፈቀድም ተብሎ ወደ ከተማው ዳር እንዲነሳ ታዟል። ቢነሳ አክስቱስ? እናትም አባትም ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ደግሞ ከጓሮ ተቀምጠው የመጋዙን ድምፅ ካልሰሙ ቀኑ አይመሽላቸውም። በአዲሱ ደንብ ከጸደቀለት እዚያው ይቀራል፤ ካልጸደቀለት ጓዙን ጠቅልሎ መሄድ ነው።

ባለሙያዋ ልትለካ መጣች። የሜትሩን አንድ ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እሱ ይዘው ክፍተቱ ውስጥ ገቡ።

«ግድግዳው ድረስ ያስጠጉት» አለች።

«አስጠግቼዋለሁ።»

«ሜትሩ ጎብጧል እኮ።»

«የጎበጥኩትስ እኔ ነኝ። ድመቷ እግሬ ላይ ተኝታለች።»

ሳቋን ልትውጠው ብትሞክርም አመለጣት። እሱም ሳቀ። ሜትሩ በመካከላቸው ተወጥሮ እንደቆመ ቁጥሩን ማንበብ ረስታ ስታየው ቆየች።

ይህን ጊዜ የመምህሩ መስኮት ብርግድ አለ። «እኔን ረስታችሁ ነው ወይስ ንቃችሁ? የጠዋት ፀሐዬን ልትወስዱብኝ ነው!»

«ላይኛውን ፎቅ ወደ ኋላ ብንስበው ፀሐዩ ይደርስዎታል፣ ጋሼ» አለች ባለሙያዋ። ወደ አናጺው ዞር ብላም፣ «መኝታ ቤቱ ግን ይጠብብዎታል» አለችው።

አናጺው ግድግዳውን ሽቅብ አየና፣ «ይጥበብ» አለ። «ጋሼ እዚያ መስኮት ላይ ፀሐይ መሞቅ የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው።»

«እስቲ አስብበታለሁ። መልሴን በጉባኤው ቀን እናገራለሁ» አሉና መምህሩ መስኮታቸውን ዘጉ። ባለሙያዋ ግን አንጀቷ ተበልቷል። የራሱን ክፍል አጥብቦ ለጎረቤቱ ፀሐይ የሚተው ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ መምጫ ሰበብ አላጣችም። ዛሬ አፈሩን ልታይ፣ ሌላ ቀን የውሃ መውረጃውን ልታረጋግጥ። ያ የውሃ መውረጃ የታየውን ያህል የትኛውም የውሃ መውረጃ ታይቶ አያውቅም! አክስት ሻይ ያፈላሉ፤ ሁለቱ ፕላኑን ዘርግተው ያወራሉ፤ ስለ ፕላኑ የሚያወሩት ግን ከስንት አንዴ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወሬ ይዟት ብርጭቆዋን ረስታው ነበር።

«ሻይሽ ቀዘቀዘ» አላት።

ሻይዎ አላለም። ሁለቱም ሰሙት። አናጺው እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ይቅርታ፣ ሻይዎ ማለቴ...»

«ተወው» አለችው፣ የቀዘቀዘውን ሻይ እየጠጣች። «እንደዚያው ይሻላል።»

አክስት ምንም እንዳልሰማ ሰው ጣራ ጣራውን ማየት ጀመሩ።

ደስ ብሏት ውላ ደስ ብሏት አደረች። በማግስቱ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጠሯት።

«ይህ ሙከራ እንዲከሽፍ የሚጸልዩ ብዙ ናቸው» አሏት። «በትውውቅ ነው የሚሠራው የሚል አንዲት ወሬ ከወጣች በነጋታው ይዘጋል። ለአንቺ ብዬ ነው።»

ክው ብላ ወጣች። ማመልከቻዎች የሚታዩበት ጉባኤ አንድ ሥርዓት አለው፤ ሰብሳቢው ከሁሉ በፊት ባለሙያዋን «ከአመልካቹ ጋር ዝምድና አለሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። በሥራ ዘመኗ ሁሉ «የለኝም» ያለችው እንደ «ደህና አደራችሁ» ሳታስብበት ነበር። ለአናጺው ሲሆን ምን ልትል ነው?

አሰበች፣ አሰበችና አንድ መላ አገኘች፦ ካልሄድኩ፣ ካልደወልኩ፣ ዝምድና የለም ማለት ነው! ልብ በሥራ ሰዓት ገብቶ በሥራ ሰዓት የሚወጣ መስሏት። ጉዳዩን ለሌላ ባለሙያ እንዳትሰጥ ምክንያቱን ተናገሪ ትባላለች። ምን ብላ ትናገር? ሰውየው አንድም ቀን እወድሻለሁ አላላትም። ሻይሽ ቀዘቀዘ ነው ያላት።

ስትቀርበት ጊዜ ደወለ። «ምነው ጠፋሽ?»

«ጉዳይዎን በቢሮ በኩል ይከታተሉ» አለችው።

«እሺ» አለ ቆይቶ፣ ድምፁ ቀዝቅዞ። «እከታተላለሁ።»

ስልኩን ዘግታ መስኮት መስኮቱን እያየች አለቀሰች። በራሷ ላይ የፈረደችውን ፍርድ ጠላት እንኳ አይፈርድባትም።

ብዙም ሳይቆይ አክስት በከዘራ እያዘገሙ ቢሮዋ ድረስ መጡ። ተቀመጡ ስትላቸው እንቢ አሉ።

«ልጄ ጠረጴዛ ሠራ» አሏት። «ይንገዳገዳል። የኔ ልጅ የሠራው ጠረጴዛ ሲንገዳገድ በዕድሜዬ አላየሁም። ምን አድርገሽው ነው?»

«ኧረ እኔ ምንም አላደረግኩትም፣ እትዬ!»

«እሱ አይደል እንዴ ችግሩ!» አክስት ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «እርስዎ አለችኝ ብሎ ምሳውን ትቶ ተነሳ። ቤቱ ቢቀር ይቀራል፣ ተያይዘን ዳር እንወጣለን። ልጄን ግን እርስዎ አትበይብኝ።»

እስከ በሩ ደግፋ ሸኘቻቸው።

የጉባኤው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ወሬ የሚፈልግም፣ ቤት የሚፈልግም መጥቷል። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሽማግሌ ናቸው። ፈልገው ሲያገኙት ወደ ባለሙያዋ ዞሩ።

«ከአመልካቹ ጋር ዝምድና አለሽ?»

አፏን ከፈተች። «የለኝም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ቀና ስትል ግን አናጺውን ከአክስቱ ጎን አየችው። ኮቱን አስተኩሷል፤ ፀጉሩ ላይ ያላየው የእንጨት ብናኝ ቀርቷል። ወደ እሷ አያይም፣ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። ቃሏ እዚያው ምላሷ ላይ ቀረ።

«እስካሁን የለኝም» አለች።

«እስካሁን ማለት?»

«እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ ማለቴ ነው።» ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። «ስለዚህ ከዚህ ጉዳይ እንድነሳና ሌላ ባለሙያ እንዲያቀርበው እጠይቃለሁ።»

አናጺው ቀና አለ።

«ተመስገን!» አሉ አክስት ድምፃቸውን ለቀው።

«ሥርዓት!» ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ደበደቡ። «ይህ የማዘጋጃ ቤት ጉባኤ ነው እንጂ ሽምግልና አይደለም! ባለሙያዋ ትውጣ፣ የሥራ ባልደረባዋ ያቅርብ። ይመዝገብ!»

«ምን ተብሎ ይመዝገብ?» አለች ጸሐፊዋ፣ ሳቋን በእጇ አፍና።

«እንዳለችው ነዋ!»

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈች። ምን አደረግኩ? በእኔ የተነሳ ቢከለከልስ? ወርክሾፑስ፣ አክስቱስ? ይህን ስታሰላስል በሩ ተከፈተና አናጺው ወጣ።

«አንተ! ለምን ወጣህ? ጉዳይህ እየታየ እኮ ነው!»

«አክስቴ አሉልኝ።»

«አክስትህ ስለ ፕላን ምን ያውቃሉ?»

«ምንም አያውቁም። ግን ማንም አይችላቸውም።»

ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ቅድም ያልሽው» አለ፣ ቃሉን እየፈለገ፣ «ለጉባኤው ነው ወይስ ለእኔ?»

«ለጉባኤው እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ለአንተ መናገር ፈርቼ ነበር።»

«እኔስ! አንቺ ፈራሚ፣ እኔ አስፈራሚ። እወድሻለሁ ብልሽ ለፊርማው ብሎ ነው ትይኛለሽ ብዬ ስንቴ ዋጥኩት።»

«አሁን እኮ አልፈርምም።»

«እንግዲያውስ እወድሻለሁ።»

እጇን ሰደደችና ከፀጉሩ ላይ ብናኙን አራገፈችለት፤ እጇን ግን አልመለሰችውም።

በሩ እንደገና ተበረገደ። «ጸደቀ!» አሉ አክስት። «ያ ባልደረባሽ አፉን ሞልቶ አቀረበው፣ ይባረክ! ጋሼም ተነስተው፣ ፀሐዬን አስበውልኝ ነው ፎቁን የሳቡት፣ እስማማለሁ፣ ይሥሩ አሉ። በትውውቅ ነው ሊል የተዘጋጀ አንድ ሰውዬ ነበር፤ ሰብሳቢው ልጅቷ እኮ ራሷ ተናግራ ወጥታለች ብለው አስቀመጡት። በሉ፣ እኔ ጎረቤቴን ላመስግን።» ይህን ብለው፣ የአናጺውና የባለሙያዋ እጅ የት እንዳለ አይተው ሲያበቁ፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

አናጺው ፕላኑን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ የኮሪደሩ መስኮት ደፍ ላይ ዘረጋው።

«እስቲ ደረጃውን እይልኝ። እንዴት ነው?»

«እኔ አስተያየት መስጠት አልችልም» አለች፣ ዓይኗን እየሰበረች። «ከጉዳዩ ተነስቻለሁ። ተመዝግቧል።»

«እንደ ባለሙያ አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«እንደ ምን ነው ታዲያ?»

«ቤቱ ውስጥ እንደምትኖር ሴት።»

የፕላኑን እያንዳንዱን መስመር በቃሏ ታውቀዋለች። ቢሆንም ጎንበስ ብላ፣ ጣቷን ከታችኛው በር አስነስታ፣ በደረጃው ሽቅብ፣ እስከ ጠባቧ መኝታ ቤት ድረስ ቀስ እያለች ሄደችበት።

«ደረጃው ጠባብ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስወጣም። አስፋው።»