ቀለም ያልነካው ዳዶ

የራውኖ ሬሳ በሳውናው፣ በእንፋሎት መታጠቢያው ክፍል፣ አግዳሚ ላይ ነጭ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። እሳት ካልነደደበት ሳውና የበለጠ ቀዝቃዛ ክፍል በቤቱ ውስጥ የለም፤ መንገዱ እስኪከፈት ድረስም ሌላ ማሳረፊያ አልተገኘም። መርማሪዋ ሳይሚ ቱቪላ ቅዳሜ ከካያኒ ከተማ የመጣችው በበረዶ ጠራጊው መኪና ተሳፍራ ነበር። መኪናው እሷን አውርዶ ከመመለሱ በረዶው መንገዱን መልሶ ደፈነው። ከዚያ ወዲያ የገባም የወጣም የለም።

ራውኖ ከቤቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በተሠራው አሮጌ የከብት በረት ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት አውሮፕላን ሲሠራ ኖሯል። ዓርብ ዕለት ሁለቱ ክንፎችና ሁለቱ ማረፊያ እግሮች ተገጠሙ፤ አውሮፕላኑም ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እግሩ ቆመ። ቅዳሜ ጠዋት ራውኖ ሌሎቹ ሳይነሡ ሊያየው ገባ። ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ሲሽሎከሎክ የግራው እግር ከዳውና ያ ሁሉ ክብደት ደረቱ ላይ አረፈ።

በቤቱ የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ሴት ልጁ ሂልፓ፣ ወንድሙ ኡርፖና ለሥራ በመጣ ቁጥር ፎቅ ላይ የሚያድረው የሥራ ባልደረባው ካሌርቮ። የግራውን እግር ያጠበቀችው ሂልፓ ነበረች።

እነዚህ ሰዎች አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ቡሎን ላይ ዳዶ ያጠበቀ ሰው፣ ከዳዶው እስከ ቡሎኑ የሚሻገር ቀይ መስመር ይቀባል። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ካሌርቮ፣ በመፍቻ ፈትኖ ጎኑ ላይ ቢጫ ይጨምራል። ዳዶው ትንሽ ከዞረ መስመሩ ይሰበርና ይታያል። ከግራው እግር ሥር ወለሉ ላይ የተገኙት ሁለት ቡሎኖችና ሁለት ዳዶዎች ግን ቀይም ቢጫም አልነበራቸውም።

«አጥብቄዋለሁ፤ ቀይም ቀብቼዋለሁ» አለች ሂልፓ።

«ታዲያ ቀለሙ የታለ?»

«እሱን ነው ራሴን የምጠይቀው። የቀኙን ቀብቼ ሁለቱንም የቀባሁ መስሎኝ ይሆን? እባክዎ፣ አባቴን የገደልኩት እኔ ከሆንኩ አይደብቁኝ። ሳላውቀው ከምኖር ይንገሩኝ።»

ሳይሚ ለማጽናናት አልቸኮለችም። የልጅቷ ንግግር እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ሰው ዝም ሲባል የሚጨምረው ነገር ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሂልፓ ግን የጨመረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እጄን ማመን አልቻልኩም።»

ኡርፖ ምድጃው ላይ እንጨት እየጨመረ ነው ያነጋገራት።

«ላሞቼን ከበረት አስወጥቶ አሥራ አንድ ዓመት የብረት ወፍ ሲያረባ ኖረ። ጠልተኸው ነበር ወይ ልትዪኝ ነው? አዎ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ።»

«በሌሎቹ ቀናትስ?»

«በሌሎቹ ቀናት ወንድሜ ነበር» አለና ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ።

«ካሌርቮን እንዴት ያዩታል?»

«እሱ? ቤቱ ቢቃጠል መጀመሪያ የሚያወጣው የዛገ ቡሎኑን ነው። የራውኖን ሚስት ስንቀብር እንኳ ከመቃብሩ ጥግ ቡሎን አግኝቶ ኪሱ ከተተ። ቄሱ እያየው! ዓርብ እራት ላይ ግን ምግብ አልበላም። መጀመሪያ የሚያበርረው እሱ ነው ሲባል ስንት ዓመት ቆይቶ፣ ራውኖ ሾርባውን እያማሰለ ‹ሂልፓ ታብርረው› አለ። እንዲሁ፣ ጨው አቀብለኝ እንደማለት።»

ካሌርቮ ግን በዚህ የተከፋ አይመስልም ነበር።

«አውሮፕላኑ የእሱ ነው፤ የፈለገው ያብርረው። ልጅቷንም አይጫኗት። ወጣት ናት፣ ትረሳለች። ዳዶው በደንብ ስላልጠበቀ በመነቃነቅ ወልቋል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።»

«እርስዎ አልፈተኑትም?»

«የቀኙን ፈትኛለሁ። የግራውን ለቅዳሜ አሳደርኩት። ምነው ባላሳደርኩት!»

ሳይሚ በረቱ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ከወለሉ ያነሣችውን ዳዶ ወደ መብራት አስጠግታ ውስጡን አየች፤ ከዚያ ከሣጥን አዲስ ዳዶ አውጥታ አስተያየችው። ወደ ውጭ የሚያወጣውን በር ስትከፍት በረዶው እስከ ወገቧ ተቆልሎ ጠበቃት፤ የእግር ዱካ የለበትም። የቤቱ ፊት ለፊትም ከእሷ ዱካ በቀር ንጹሕ ነበር። በሩን ዘግታ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች።

እሑድ ጠዋት ሬዲዮው መዝሙር ሲያሰማ ሦስቱንም ወደ በረቱ ጠራቻቸው። ኡርፖ ሊያጠፋው ሲል «ይተዉት፣ ይዘምሩ» አለችው።

አውሮፕላኑ በግራ ክንፉ ጫፍ ተደግፎ፣ በጥይት እንደተመታ ወፍ አጋድሏል።

«ይህን ዳዶ እዩት» አለች። «ውስጡ የናይለን ቀለበት አለ። አንድ ጊዜ ቡሎን ከገባበት የጥርሱ ምልክት ይቀራል። ይህኛው ግን ልሙጥ ነው። በመነቃነቅ ወለቀ ተብሎ ተነግሮኛል፤ ቡሎን ላይ ወጥቶ የማያውቅ ዳዶ ከየት ይወልቃል?»

«ታዲያ ጭራሽ ረስቼዋለሁ ማለት ነው?» አለች ሂልፓ።

«ወይም ያንቺን ፈትቶ የወሰደ፣ በምትኩ ያለ ዳዶ ቡሎን ሰክቶ አዲስ ዳዶ ወለሉ ላይ የጣለ ሰው አለ። እንዲያ ከሆነ ያንቺዎቹ የት ሄዱ? ከዓርብ ጀምሮ በበረዶው ላይ ከእኔ በቀር ማንም አልረገጠም። እዚሁ ከእኛ ጋር ታግተዋል ማለት ነው። ኡርፖ፣ እርስዎ ቢሆኑ የት ያደርጓቸው ነበር?»

«ምድጃ ውስጥ፤ ከዚያ ከአመዱ ጋር እደፋቸዋለሁ።»

«ማንም እንዲያ ያደርግ ነበር። ቡሎን መጣል የማይሆንለት ሰው ካልሆነ በቀር።»

ከመደርደሪያው አናት አሮጌ ቡሎን የሚጠራቀምበትን ጣሳ አወረደች። ከላይ ሁለት አዳዲስ ቡሎኖች ነበሩ፤ እያንዳንዱ እንዳይጠፋበት ዳዶው በእጅ ተመልሶ ተጠምዝዞበታል። በሁለቱም ላይ የተሰበረ ቀይ መስመር አለ። ከቀዩ ጎን ደግሞ ቢጫ።

ከወዲያ ክፍል መዝሙሩ ይሰማል።

«ቢጫው የእርስዎ እጅ ነው፣ ካሌርቮ። የግራውን አልፈተንኩትም አሉኝ፤ ፈትነውታል። ፈተንኩት ቢሉኝ ኖሮ፣ ቀለም የሌለው ቡሎን ከየት መጣ ብዬ እጠይቅዎ ነበር።»

ካሌርቮ ወደ በሩ ተመለከተ፤ ከዚያ ከበሩ ውጭ ያለው ነገር ትዝ ያለው ይመስል በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«ከእራት በኋላ ነው። በክሪክ አንሥቼ ደገፍኩትና ፈታሁት። ጠዋት አራታችን ስንገፋው ይወድቃል፣ ክንፉ ይሰበራል ብዬ ነው። ብቻውን ከሥሩ ይገባል ብዬ... ራውኖ እኮ ማለዳ ተነሥቶ አያውቅም!»

«ስሕተቱ የልጅቷ ይባላል፤ ሲጠገን ማብረሩ ወደ እርስዎ ይመለሳል።»

«አዎ።»

ኡርፖ መፍቻ አነሣ። ሳይሚ እጁን ያዘችው። «መንገዱ እስኪከፈት አንድ ጣሪያ ሥር ነን፤ እግዚአብሔር ይርዳን» አለችው በለሆሳስ።

ሂልፓ ግን ወደ ካሌርቮ ቀረበች። ሁለቱን ቡሎኖች በመዳፏ ይዛ ፊቱ ላይ ዘረጋችለት።

«ስትፈትነው ጠብቆ ነበር?»

ይህን ሊመሰክርላት የሚችል በምድር ላይ ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ጠብቆ ነበር» አለ ካሌርቮ። «ብስበው ብስበው፣ የፀጉር ያህል እንኳ አልዞረም።»

ሂልፓ መዳፏን ጨበጠች። ከዚያ ከቅዳሜ ጀምሮ ልትገባበት ያልደፈረችውን የሳውናውን በር ከፍታ ወደ አባቷ ገባች።