አሥራ ሁለተኛው ኅትመት

ይታያል የሰጠው ቃል እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መምህር እንዳላማው በር ላይ ቆሜ ነበር። ማተሚያው እየዞረ ነበር። ያ መዘውር ሲጮኽ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሥራ ላይ ናቸው ብዬ ሳልገባ ተመለስኩ።»

ዜማ የሰጠችው ቃል ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራዬን ጨርሼ ወጣሁ። ማተሚያው ቆሞ ነበር፤ የሚታተም ወረቀት አልቀረም። መምህር ደህና ነበሩ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።»

ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ልዩነታቸው ግማሽ ሰዓት ነው። በደብረ ማርቆስ ለግማሽ ሰዓት የሚጨነቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሰርጉም ስብሰባውም ከዚያ በላይ ይዘገያል። በዚህ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ግን አንድ ሰው ለሞት ተዳርጓል፤ ከሁለቱ ተማሪዎች አንዱ ደግሞ እየዋሸ ነው።

መምህር እንዳላማው በግቢያቸው ውስጥ ባለች የቆርቆሮ ክፍል የኅትመት ጥበብ ያስተምሩ ነበር። ምስሉ በዋንዛ ሰሌዳ ላይ በመሮ ይቀረጻል፤ ሰሌዳው በሮለር ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ የረጠበ ወረቀት ተደርቦበት በማተሚያው ይጨመቃል። ማተሚያውን ከአሮጌ የወፍጮ ዘንግ በይደው የሠሩላቸው የጋራዥ ሰዎች ናቸው። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓል ከገበያ ሲመለሱ፣ መምህሩን ከዚያ ማተሚያ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው አገኟቸው። የራስ ቅላቸው የማተሚያውን የብረት ጠርዝ መትቷል።

«ዝም ብሎ አልወደቀም» አለ ሐኪሙ። «የቀኝ እጁ አንጓ ተጨብጦ በልዟል። ወዲያውም አልሞተም። ደሙ የፈሰሰው ውስጥ ለውስጥ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ሳይቆይ አይቀርም።»

ሆስፒታሉ ከግቢው በባጃጅ ስምንት ደቂቃ ነው። ይህን ሐኪሙም ጥሩብርሃንም ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም አላነሱትም።

አስከሬኑ ሲነሣ ጥሩብርሃን ከመምህሩ ሹራብ ጀርባ ጥፍር የምታህል የእንጨት ስንጣሪ አገኘች። አንድ ፊቷ በጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ጠረጴዛው ላይ ከነበረው የዜማ ሰሌዳ አንዱ ጫፍ ተገንጥሎ ስለነበር፣ ስንጣሪዋን ብታስጠጋት ልክ ገጠመች። በፖስታ አድርጋ አስቀመጠቻት።

ዜማ ዓርብ ወደ ጃፓን መብረር ነበረባት። የእንጨት ኅትመት ለስድስት ወር እንድትማር ከብዙ አገር አመልካቾች መካከል ተመርጣለች። ፓስፖርቷ ግን ከእሑድ ጀምሮ በጥሩብርሃን መሳቢያ ውስጥ ነው። እስከ ረቡዕ ማታ ነፃ ካልወጣች ቦታው ለተጠባባቂው ይተላለፋል። ተጠባባቂው ደግሞ ይታያል ነው።

«ይመቸኛል ማለት ነው፤ አይደል?» አለ ይታያል ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ሲቀመጥ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቹ በመሮ ጠባሳ የተሞሉ ልጅ ነው። «እሷ ከቀረች እኔ ልሄድ ነው።»

«እኔ አላልኩም።»

«ዓይንዎ ብሏል።»

«ለምን አልገባህም?»

«መዘውሩ እየዞረ እዚያ ቤት አይገባም። በሩ ሲከፈት አቧራ ይገባል፤ አቧራው ወረቀቱን ያበላሻል። አንድ ቀን ብገባ መምህር ሮለሩን ሊወረውሩብኝ ምንም አልቀራቸውም።»

«ምን ፈልገህ ነበር የሄድከው?»

ይታያል ጣቶቹን አየ። «ልለምናቸው። ለሚቀጥለው ዓመት ለእኔም የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የምለውን ስለማመድ ከርሜ፣ በሩ ላይ ስደርስ ወኔዬ ከዳኝ። መዘውሩ ሲጮኽ እንደውም ደስ አለኝ፤ ለመመለስ ሰበብ አገኘሁ። ኢንስፔክተር፣ ገዳይ ብሆን በር ላይ ነበርኩ እላለሁ? ማንም አላየኝም እኮ። ቤቴ ተኝቼ ነበር እል ነበር።»

«ብልህ ገዳይ እንዲህ ነው የሚለው።»

«ብልህ ብሆን ተጠባባቂ አልሆንም ነበር» አለ። ለመሳቅ ሞክሮ ተወው።

ከሰዓት በኋላ ጥሩብርሃን ለቅሶ ቤት ሄደች። ወይዘሮ የብርጓል ድንኳኑ ውስጥ በሴቶች መካከል ተቀምጠው የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር፤ ሲጨርሱ እንደገና ይጀምራሉ። ጥሩብርሃን አጠገባቸው ተቀምጣ ትንሽ ከቆየች በኋላ በዝቅተኛ ድምፅ ጠየቀቻቸው።

«ቅዳሜ ሲወጡ እንዴት ነበሩ?»

«ደህና ነበር። እንዳትነካ ብዬው ነው የሄድኩት።»

«ምኑን?»

«ምንም ነገር። ለቡአ ተቀዶ ሦስት ሳምንቱ ነው እኮ። ሐኪሙ ጀሪካን እንኳ እንዳያነሣ ብሎታል። እኔ ደግሞ ጀሪካኖቹን ቆለፍኩበት፤ እንደ ሕፃን ጠበቅሁት።» ጣታቸው ጥለቱ ላይ ቆመ። «ከጀሪካን ጠበቅሁት።»

«ታዲያ ያንን መዘውር ማን ነበር የሚያዞርላቸው?»

«ዜማ ናት እንጂ። እጄ ናት ይላት ነበር። ለአዲሱ ሆቴል የሚሠራው ሥዕል ነበረው፤ ያለ እሷ ምን ይውጠኛል እያለ እንቅልፍ አጣ። እንድትሄድ የጻፈላት እሱ፣ እንዳትሄድ የሚመኝም እሱ። አንተ ሰው ምንድን ነው የምትፈልገው ስለው ተቆጣኝ። የመጨረሻ ንግግራችን እሱ ነው።»

ጣታቸው ወደ ጥለቱ ተመለሰ።

ማክሰኞ ጥሩብርሃን ወደ ዜማ የኪራይ ክፍል ስትሄድ በሩን የከፈቱላት ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸውን ሊሸኙ ከመርጡለ ማርያም የመጡት መሪጌታ ገብረ ኪዳን ናቸው።

«አንቺ ነሽ የልጄን ፓስፖርት የያዝሽው?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«በይ ግቢ። ደህና አድርገሽ ያዢው እንግዲህ፤ ዓርብ እንፈልገዋለን።»

ዜማ የአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ሥር የተከፈተ ሻንጣ አለ፤ ግማሹ ተሞልቷል፣ ግማሹ ባዶ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ አላለቀሰችም አሉ አባቷ። ሲጠይቋት ትመልሳለች፤ ሲተዋት እንደተቀመጠች ትቀራለች። ጥሩብርሃን በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ የሚያለቅሱትን መለየት ለምዳለች፤ የማያለቅሱት ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይሆኑባታል።

«ሰሌዳሽን ጠረጴዛው ላይ ነው ትተሽው የወጣሽው?»

«አዎ።»

«ተሰብሮብሽ ነበር?»

«አይ። ስወጣ ደህና ነበር።»

«አሁን ተሰብሯል።»

ዜማ ግድግዳውን አየች። «እሺ» አለች።

መሪጌታ ከአልጋው ሥር ትልቅ የካርቶን ማኅደር ስበው አወጡ። «ነይ እስቲ ሥራዋን እይ፤ ሰው የሚታወቅ በሥራው ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ መጽሐፍ ስገለብጥ ዓመት ይፈጅብኝ ነበር፤ ይቺ በአንድ ቀን አሥራ ሁለት ትወልዳለች!» እያንዳንዱን ወረቀት በሁለት እጃቸው እንደ ቅዱስ መጽሐፍ እያነሡ ዘረጉ። በዝናብ ውስጥ ባጃጅ የምትጠብቅ ሴት ናት፤ ጃንጥላዋ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ከእያንዳንዱ ግርጌ በእርሳስ የዜማ ፊርማና ተራ ቁጥር አለ። «አሥራ አንድ። ይኸው አሥራ ሁለት። የጃፓን ሰዎች አሥራ ሁለት ነው ይዘሽ ነይ ያሏት። ይቺ የመጨረሻዋ ጎደል ብላለች፤ ጃንጥላዋ ጫፍ የላትም። ግን ማን ያየዋል?»

ጥሩብርሃን ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው። ስትመለስ ድምጿ አልተለወጠም።

«ሁሉንም ያተምሻቸው ቅዳሜ ነው?»

«አዎ። እርጥብ ስለነበሩ በጋዜጣ መካከል አድርጌ አመጣኋቸው።»

«የፈረምሽውስ?»

«ትናንት። ሲደርቁ።»

«ከአንቺ ሌላ የነካቸው አለ?»

«አባ፣ አሁን።»

ረቡዕ ጠዋት ጥሩብርሃን አራቱንም ሰዎች በቆርቆሮዋ ክፍል ሰበሰበች። ወይዘሮ የብርጓል የባላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ይታያል በሩን ተደግፎ ቆመ። መሪጌታ ከልጃቸው ጎን ሆነው መቋሚያቸውን ተመርኩዘዋል። ማተሚያው መሐል ላይ እንደ ታሰረ በሬ ዝም ብሏል።

«ከድምፁ ልጀምር» አለች። «ይታያል መዘውሩ ሲዞር ሰማሁ ይላል፤ ዜማ ቆሞ ነበር ትላለች። መጀመሪያ ዋሾው ይታያል መስሎኝ ነበር።»

«ተጠባባቂው ነኛ» አለ ይታያል በቀስታ።

«ከዚያ ወይዘሮ የብርጓል መምህሩ ጀሪካን እንኳ እንደማያነሡ ነገሩኝ። ይህን መዘውር ትናንት ሞክሬዋለሁ፤ ሁለት እጄንና ትከሻዬን ፈልጓል። ስለዚህ ዘጠኝ ተኩል ላይ ከዞረ፣ ያዞሩት መምህሩ አይደሉም።»

«እኔ ባዞረውስ?»

«ጠብቀኝ። እሱንም አስቤዋለሁ።» ፖስታውን ከፍታ ስንጣሪዋን በመዳፏ አሳየች። «ይህች ከመምህሩ ጀርባ ሥር ነበረች። ከዜማ ሰሌዳ የተገነጠለች ናት። ዜማ ደግሞ ስወጣ ሰሌዳው ደህና ነበር ብላኛለች። ደህና ከነበረ የተሰበረው መምህሩ ሲወድቁ ነው፤ አብሯቸው ከማተሚያው ላይ ወድቋል።»

ሰሌዳውን ከጠረጴዛው አንሥታ ከአሥራ አንደኛውና ከአሥራ ሁለተኛው ኅትመት ጋር አስተያየችው።

«ከሰሌዳው የጎደለው የጃንጥላው ጫፍ ነው። እንጨት በሌለበት ቀለም አይታተምም። በአሥራ አንዱ ወረቀቶች ላይ ጫፉ አለ፤ በአሥራ ሁለተኛው ላይ የለም። ስለዚህ አሥራ አንዱ የታተሙት መምህሩ ቆመው ሳሉ ነው። አሥራ ሁለተኛው የታተመው ወድቀው ሳሉ ነው። ይታያል የሰማው እሱን ነው።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን አጥብቀው ያዙ። ትናንት በገዛ እጃቸው የዘረጉት ወረቀት ነው።

«ይታያል አትሞት ቢሆን ወረቀቱ እዚሁ ወይም እሱ ጋ በተገኘ ነበር። የተገኘው ግን ከሌላ ሰው ንክኪ ርቆ በዜማ ጋዜጣ መካከል፣ በዜማ ፊርማ ሥር ነው። የመምህሩን ስልክ ደግሞ ከወረቀት መደርደሪያው ሥር አግኝተነዋል። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ለጃፓኖቹ ደብዳቤ ጽፈዋል። የዜማ ጉዞ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ ይላል። አልተላከም። የእጃቸው አንጓ የበለዘው ለዚህ ነው፤ ስልኩን ልትቀማቸው ታግላለች።»

 ጥሩብርሃን ወደ ዜማ ዞረች።

«የማይገባኝ አንድ ነገር ነው። ሰው ወድቆ ለምን አተምሽው?»

ዜማ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። የተናገረችው የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምትተርክ ሆና ነው።

«ወረቀቱ ረጥቦ ነበር። የረጠበ ወረቀት አይቆይም። ሰሌዳውን አነሣሁት፤ ቀለሙ አልተበላሸም። አሥራ አንዱ አልቋል፤ አንድ ቀርቶ ነበር።»

«እሱ ወድቆ?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

«አዎ እትዬ።»

«እዚህ? እግርሽ ሥር?»

«አዎ። ተራምጄያቸው ነው መዘውሩ ጋ የደረስኩት።»

ይታያል ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ወይዘሮ የብርጓል አላለቀሱም፤ ማተሚያውን እያዩ ቀሩ።

ጥሩብርሃን ማስታወሻዋን ዘጋች። «ከዚህ በኋላ ያለውን የማውቅበት መንገድ የለኝም» አለች። «መግፋትሽን ላስረዳ እችላለሁ። በዚያ ደቂቃ ምን እንደመሰለሽ ግን ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ሞተዋል ብለሽ አስበሽ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ በሕይወት እንዳሉ እያወቅሽ ከሆነ ሌላ ነው፤ ፍርድ ቤትም ለይቶ ያየዋል። አሁን የመናገር ግዴታ የለብሽም። ጠበቃ እስኪመጣ ዝም ማለት መብትሽ ነው።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ትከሻ ያዙ።  «ሞቶ መስሎኝ ነው በይ። እንደዚያ ነው እኮ፤ ሞቶ መስሎሽ ነው። ሕፃን ነሽ፤ ደንግጠሻል። በያ ልጄ! አንዲት ቃል ናት።»

ዜማ የአባቷን እጅ ከትከሻዋ ላይ ቀስ አድርጋ አነሣችና በእጇ ያዘችው። ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወይዘሮ የብርጓልን ቀጥ ብላ አየች።

«አይ አባ» አለች። «ሲተነፍሱ ይሰማኝ ነበር። መስማት ያቆምኩት መዘውሩ መዞር ሲጀምር ነው።» ከዚያ ወደ ጥሩብርሃን ዞረች። «ዓርብ በእኔ ቦታ ይታያል ይሂድ። ጠበቃ አልጠብቅም ኢንስፔክተር፤ ቃሌን አሁን እሰጣለሁ። ይጻፉት፤ ሞተው መስሎኝ ነበር አልልም።»